ለታመመ የአኳሪየም ዓሣ የሚዘጋጅ ለይቶ ማቆያ ገንዳ

ለይቶ ማቆያ ገንዳ ምንድን ነው?

አኳሪየም ዓሣና የውሃ ዕፅዋት ለጌጥ የሚያዙበት የመስታወት ገንዳ ነው። እንደ ወሎ ሰፈር ባሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በአፓርትመንት ሳሎን፣ በክሊኒክ ማረፊያ ክፍልና በሆቴል መግቢያ ይታያል። ከውጭ የሚመጣ የጌጥ ዓሣ ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በሻጭ ገንዳ ከብዙ ዓሦች ጋር ተጨናንቆ ቆይቶ ነው ቤት የሚደርሰው። ጉዞው ያደክመዋል፤ የደከመ ዓሣ ደግሞ በደህናው ጊዜ ይቋቋመው የነበረው በሽታ ያሸንፈዋል።

ለይቶ ማቆያ ገንዳ (ኳራንቲን) ከዋናው ገንዳ ውጭ ለብቻው የሚዘጋጅ አነስተኛ ገንዳ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይቆይበታል፤ የታመመ ዓሣም ተለይቶ ይታከምበታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከውጭ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀናት በሆቴል እንዲቆዩ የተደረገበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፦ በሽታ ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ በሌሎች መካከል ማለፍ የለበትም። ለአዲስ ዓሣ የተለመደው የማቆያ ጊዜ 4 ሳምንት ነው።

ለምን በዋናው ገንዳ አይታከምም?

ዓሣ በስንጥቡ (በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በሚገኘው የመተንፈሻ አካል) በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ካልተጠራቀመ በስተቀር ብዙ አይጎዳም። ይህ ሂደት የናይትሮጅን ዑደት ይባላል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

በሽታ አምጪ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ጠቃሚዎቹንም ሊገድል ይችላል። በዋናው ገንዳ ላይ ቢፈስስ ታማሚው ከበሽታው ድኖ፣ ደህና የነበሩት ሁሉ በአሞኒያ ሊመረዙ ይችላሉ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ ቀንድ አውጣን ይፈጃል። ጠጠርና ጌጠኛ ድንጋይ መድኃኒት ስለሚመጥጡ በውሃው ውስጥ የቀረውን መጠን ማወቅ ያስቸግራል። ወጪውም ግልጽ ነው፤ 200 ሊትር ውሃ ለማከም የሚበቃ መድኃኒት 40 ሊትር ውሃ 5 ጊዜ ያክማል።

አንድ ጠቃሚ ልዩነት ግን አለ። ቁስል፣ የክንፍ መበስበስ ወይም የሆድ መነፋት የያዘውን አንድ ዓሣ ለይቶ ማውጣት ተገቢ ነው። ነጭ ነጠብጣብ በሚባለው በሽታ ግን ታማሚውን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ምልክቱ በአንዱ ላይ ሲታይ ጥገኛ ተሕዋሱ በገንዳው ሁሉ ተሰራጭቷል። በዚህ ጊዜ ያሉት ዓሦች በሙሉ ወደ ማቆያው ይወጣሉ፤ ካልሆነም ዋናው ገንዳ ራሱ ይታከማል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሕክምናውን ለምን ይለውጠዋል?

በዓሣ ሕክምና መጻሕፍት ላይ የሚገኘው መመሪያ በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የኦክስጅን መጠን በአየር ግፊት ስለሚወሰን እሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል በአንድ ሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው ወደ 6.1 ሚሊ ግራም ነው። ውሃው 30 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 5.6 ይወርዳል፤ ምክንያቱም ውሃ በሞቀ ቁጥር አየር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የዓሣው ሰውነት ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል። አቅርቦቱ ሲያንስ ፍላጎቱ ይበልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ «ሙቀቱን ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ» የሚለው የታወቀ ምክር እዚህ ከተማ ሳይመረመር ሊወሰድ አይገባም። የታመመ ዓሣ ስንጥቡ ብዙውን ጊዜ በጥገኛ ተሕዋስ ወይም በልጋግ (ቆዳን በሚሸፍን አንሸራታች ፈሳሽ) የተደፈነ ነው። ያለውን ጥቂት ኦክስጅን እንኳ በሙሉ መጠቀም አይችልም። በአዲስ አበባ ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ በመጨረሻ መድኃኒት ነው። የአየር ፓምፑ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይሠራል። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ቢያዝ ለአብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማለፍ የሚገባው የዓሣው አተነፋፈስ የተረጋጋ ሲሆን ብቻ ነው።

ፓምፕ ከፍታው የወሰደውን ኦክስጅን መመለስ አይችልም። ሥራው ውሃው መያዝ የሚችለውን ያህል እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሲሠራም አየር በብዛት የሚገባው ከአረፋው ይልቅ ከሚናወጠው የውሃ ገጽ ነው። ፎርማሊን (ጥገኛ ተሕዋስን የሚገድል ኬሚካል) በተለይ የሚያሰጋው በዚህ ከፍታ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን አስቀድሞ ያነሰ በመሆኑ ነው። በአንድ ሊትር ለተጨመረ 5 ሚሊ ግራም ፎርማሊን 1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጠፋል የሚል በዓሣ ሕክምና የታወቀ ስሌት አለ። በተለመደው የ25 ሚሊ ግራም መጠን 5 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይጠፋል ማለት ነው፤ ከ6.1 ላይ 5 ሲቀነስ የሚቀረው ዓሣ አያኖርም። ፎርማሊን በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ባይሞከር ይመረጣል።

ገንዳው እንዴት ይዘጋጃል?

ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ለትናንሽ ዓሦች ይበቃል። እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ የሚይዘው ውሃ 50 በ30 በ27 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 40 ሊትር ተኩል ነው። ይህ ስሌት ቀላል ቢመስልም የሕክምናው ሁሉ መነሻ እሱ ነው፤ የመድኃኒት መጠን የሚሰላው ገንዳው ሊይዝ በሚችለው ሳይሆን በውስጡ ባለው ውሃ ነው። መስታወት ካልተገኘ ሳሙና ወይም ኬሚካል ነክቶት የማያውቅ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ያገለግላል።

በገንዳው ውስጥ ጠጠርም ሆነ ተክል አይገባም። ወለሉ ባዶ ሲሆን ቆሻሻው ይታያል፣ በቱቦም በቀላሉ ይመጠጣል። ዓሣው ግን መደበቂያ ካጣ ይጨነቃል፤ አጭር የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ወይም ንጹሕ የሸክላ ስባሪ ይህን ችግር ይፈታል። መብራቱ ደብዘዝ ቢል፣ ገንዳውም ሰው ከሚበዛበት መተላለፊያ ራቅ ቢል ይመረጣል።

ተስማሚው ማጣሪያ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ አየርም ይሰጣል፣ ለባክቴሪያዎቹም መኖሪያ ይሆናል። የተሻለው ልማድ አንድ ትርፍ ስፖንጅ ሁልጊዜ በዋናው ገንዳ ውስጥ ማቆየት ነው። በሽታ በድንገት ሲመጣ ባክቴሪያ የለመደው ስፖንጅ ወጥቶ ማቆያው ውስጥ ይገባል። ካልተቻለ ማቆያው ባክቴሪያ እንደሌለው ተቆጥሮ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

ማሞቂያ (ሂተር) በአዲስ አበባ ግዴታ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ማሞቂያ የሌለው ክፍልም አብሮ ይቀዘቅዛል። ለ40 ሊትር የ50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል፤ ገንዳው በመስታወት ሲከደን ደግሞ ሙቀቱ ይቆያል። ክዳኑ ግን አየር ማስገቢያ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። መብራት ሲጠፋ ከቅዝቃዜው በፊት የሚገድለው የአየር እጥረት ስለሆነ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከማሞቂያው በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ዕቃ ነው።

የቧንቧው ውሃ ለዓሣ ይስማማል?

የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ሰው የማይጎዳው ይህ መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃው በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ የአየር ፓምፕ እየሠራበት ለ24 ሰዓት ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል። ጊዜ ሲያጥር ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለው ክሎሪን ማርከሻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያጠፋዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ የቀነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሮቶው በተሞላ ዕለት ግን እንደ ቧንቧ ውሃ መቆጠር አለበት።

አንዳንድ ሕንፃዎች የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው። የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ፒኤች (የውሃን አሲዳማነት የሚለካ ቁጥር) ሊለይም ይችላል። ይህ ቁጥር ከአሞኒያ ጋር የሚያገናኘው ነገር ትልቅ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሆነው ክፍል ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን ከ5 በመቶ ይበልጣል። አሞኒያው ሳይጨምር መርዙ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ የማቆያው የመጀመሪያ ውሃ ከዋናው ገንዳ ቢቀዳ ይሻላል፤ ዓሣው የለመደው ፒኤችና ሙቀት አብሮት ይሄዳል። ዋናው ገንዳ ራሱ በአሞኒያ የተመረዘ ሲሆን ግን አይቀዳም።

በሽታው በምን ይታወቃል?

መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት የሚለካው ውሃው ነው። አፉን ከውሃው ገጽ አስጠግቶ የሚጎነጭ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ የሚከፍትና የሚዘጋ ዓሣ በሽታ ሳይዘው በአሞኒያ ተመርዞ ወይም አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል። ከዓሦቹ አብዛኞቹ በአንድ ቀን ተመሳሳይ ምልክት ካሳዩ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ የውሃ ለውጥ ከማንኛውም ጠርሙስ የተሻለ መድኃኒት ነው።

ውሃው ደህና ሲሆን ምልክቶቹ ይመረመራሉ። የጨው ቅንጣት የሚመስሉ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ጠንካራ ነጭ ነጥቦች የነጭ ነጠብጣብ ምልክት ናቸው። በመብራት ሲታይ እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ቬልቬት የተባለ ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ አለበት። ሰውነቱን ከዕቃ ጋር የሚያሻሽና አንዱን ስንጥብ ዘግቶ በሌላው የሚተነፍስ ከሆነ የስንጥብ ትል ይጠረጠራል። ጫፉ የነጣና የተቦጫጨቀ ክንፍ የባክቴሪያ መበስበስን ያመለክታል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ወደ ውጭ የቆመ ዓሣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሊሆን ስለሚችል የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ጥጥ የሚመስል ነጭ ሽፋን ነው። ረዘም ያለና ብን ያለ ጥጥ በቁስል ላይ ሲበቅል በአብዛኛው ፈንገስ ነው። በአፍ ዙሪያና በጀርባ ላይ ዝቅ ብሎ የሚነጠፍና በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋው ግን ኮለምናሪስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ኮለምናሪስ በሙቀት ይበረታል። ነጭ ነጠብጣብ ነው ተብሎ ውሃው ቢሞቅ ሕክምናው ራሱ ዓሣውን ይገድለዋል፤ ሳይለዩ ማከም የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ በላይ በግልጽ የሚታይበት ቦታ የለም።

ጨው እንዴት ያድናል?

ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖር ዓሣ ደም በአንድ ሊትር 9 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የሚኖርበት ውሃ ደግሞ ምንም ያህል የለውም። ውሃ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት ስስ ሽፋን አልፎ ይገባል፤ ይህ ኦስሞሲስ ይባላል። ስለዚህ ውሃ በስንጥብና በቆዳ በኩል ሳያቋርጥ ወደ ዓሣው ይገባል፣ ኩላሊቱም ሳያቋርጥ ያስወጣዋል። ቆዳው ሲቆስል የሚገባው ውሃ ይጨምራል፣ ደካማው ኩላሊት ይሸነፋል። በውሃው ላይ ጥቂት ጨው ሲጨመር ልዩነቱ ይጠብባል፣ የኩላሊቱ ሸክምም ይቀልላል። ጨው ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባም ይከላከላል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በዚያው መግቢያ ስለሚሻማው ነው።

ከአፋር አፍዴራ የሚመጣውና በየሱቁ የሚሸጠው የወጥ ጨው ለዚህ ይሆናል። የተጨመረበት አዮዲን በጣም ጥቂት ስለሆነ ዓሣን አይጎዳም። የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር 2 ግራም ነው፤ ለ40 ሊትር 80 ግራም ይሆናል። በሌላ ዕቃ ውስጥ ሟሙቶ በአንድ ቀን ውስጥ በ3 ጊዜ ተከፋፍሎ ይጨመራል። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦች ጨው ስለማይወዱ በሊትር 1 ግራም ይበቃቸዋል። መጠኑ በማንኪያ ግምት ሳይሆን በሚዛን ቢለካ ስህተት ይቀንሳል።

ጨው አይተንም። ውሃው በትነት ሲቀንስ የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። 10 ሊትር ተቀድቶ ሲወጣ ግን 20 ግራም ጨው አብሮ ስለሚወጣ የሚተካው ውሃ ያንኑ ያህል ጨው ይይዛል። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ከሳምንት በኋላ በገንዳው ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ማንም አያውቀውም።

ነጭ ነጠብጣብ ለምን በአንድ ጊዜ አይለቅም?

የበሽታው መንስኤ ኢክትዮፍቲሪየስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1876 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ሕይወቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ይመገባል፤ የሚታየው ነጭ ነጥብ እሱ ነው። ከጠገበ በኋላ ወድቆ በገንዳው ወለል ላይ ልባስ ሠርቶ ይከፋፈላል። በመጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ 1,000 የሚደርሱ ዋናተኛ ልጆች ይለቅቃል፤ እነዚህ በ2 ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

መድኃኒት የሚያገኘው ዋናተኞቹን ብቻ ነው። በቆዳ ሥር ያለውን ቆዳው ይጋርደዋል፤ የሚከፋፈለውን ልባሱ ይከልለዋል። መድኃኒት ተጨምሮ ነጥቦቹ በማግሥቱ ቢጠፉ ጥገኛ ተሕዋሱ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተሸጋግሯል እንጂ አልሞተም። በዚህ ጊዜ ሕክምና ማቋረጥ ዓሣ በሚያዝባቸው ብዙ ቤቶች የሚታይ፣ ብዙ ዓሣም የሚያሳጣ ስህተት ነው።

የዑደቱ ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ ገንዳ ውስጥ በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ «ጠፍቶ ተመለሰ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያላለቀ ዑደት ነው። ውሃውን ወደ 27 ዲግሪ ማሞቅ ዋና ጥቅሙ ዑደቱን በማፋጠን ዋናተኞቹ ቶሎ እንዲወጡ ማድረግ ነው። በዚህ ሙቀት ሕክምናው 14 ቀን ይቀጥላል። ወለሉ በየቀኑ በቱቦ ሲመጠጥ ልባስ የሠሩት አብረው ይወጣሉ፤ ባዶ ወለል ያለው ማቆያ ከጠጠራማው ገንዳ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዓሣ የሌለበት ዋና ገንዳም በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ከተጠበቀ ጥገኛ ተሕዋሱ የሚጠጋበት ዓሣ አጥቶ ይጠፋል።

በፋርማሲ ያሉ መድኃኒቶች ያገለግላሉ?

ለጌጥ ዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት በአዲስ አበባ ሁልጊዜ አይገኝም። ለሰውና ለከብት የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ግን በዓሣ ሕክምናም የታወቁ ናቸው። ፕራዚኳንቴል ለቢልሃርዝያ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በስንጥብ ትልም ላይ ይሠራል። የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ነው። ለ40 ሊትር 100 ሚሊ ግራም ማለት ስለሆነ የ600 ሚሊ ግራም አንድ እንክብል አንድ ስድስተኛው ብቻ ይበቃል። በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ደቅቆ በጥቂት ውሃ በደንብ ከተበጠበጠ በኋላ ይጨመራል። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ በዓሣ አንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ተመሳሳይ ጥገኛ ተሕዋሳት ያገለግላል፤ ዓሣው ገና የሚበላ ከሆነ ከምግብ ጋር ሲሰጥ የተሻለ ይሠራል።

ኦክሲቴትራሳይክሊን በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በብዛት ይገኛል። ችግሩ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ማጣቱ ነው። ማዕድን በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲፈስስ አብዛኛው ከንቱ ይሆናል፤ መድኃኒቱ «አልሠራም» ሲባል ጥፋቱ የውሃው ሊሆን ይችላል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጥቂቱ ተጀምሮ ሲቋረጥ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያፈራል፤ እነዚያም በፍሳሹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር ተገቢ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ፣ ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል በሰበታ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከከተማዋ ሩቅ አይደሉም።

ሜቲሊን ብሉ ፉኬ ጥገኛ ተሕዋሱን በመዘገበበት በዚያው በ1876 እ.ኤ.አ. በጀርመን የተሠራ ሰማያዊ ቀለም ነው። በቀላል ፈንገስ ላይ ይሠራል፤ በናይትራይት የተጎዳ ደምም ኦክስጅን መሸከም እንዲችል ይረዳል። የስፖንጁን ባክቴሪያ ስለሚገድል ግን ቦታው ማቆያው ብቻ ነው። በማጣሪያ ውስጥ የሚገባው የተዘጋጀ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ማንኛውንም እንዲህ ያለ መድኃኒት ስለሚመጥጥ በሕክምናው ጊዜ ይወጣል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ቀሪውን መድኃኒት እንዲያጠራ ይመለሳል።

በየዕለቱ ምን ይሠራል?

ታማሚ ዓሣ ጥቂት ይበላል ወይም አይበላም። በጥቂት ደቂቃ ያልተበላ ምግብ ወዲያው ይወጣል፤ የሚበሰብስ ምግብ አሞኒያ ነው። ጥቂት ቀን መጾም ጤናማ አካል ያለውን ትልቅ ዓሣ አይገድለውም። ከውሃው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ይለወጣል፤ መድኃኒቱም ለተለወጠው ውሃ ያህል ብቻ ይተካል። ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ የተለወጠው ውሃና የተጨመረው መጠን በደብተር ይመዘገባል።

የማቆያው መረብ፣ ቱቦና ባልዲ ለብቻቸው ይሆናሉ። እርጥብ መረብ በሽታን ከገንዳ ወደ ገንዳ ለማሻገር ይበቃል። በመጀመሪያ የሚሠራው ዋናው ገንዳ፣ በመጨረሻ ማቆያው ነው። ለሰውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1926 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ አኳሪየም ከሞቱ ዓሦች የተለየው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ነው። በእጅ ላይ ባለ ቁስል ከገባ ለወራት የማይድን እባጭ ያወጣል። የቆሰለ እጅ ያለ ጓንት ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ቱቦም በአፍ ተስቦ አይጀመርም።

ዓሣው መቼ ይመለሳል? ካልዳነስ?

ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ዓሣው ያለ መድኃኒት ቢያንስ 2 ሳምንት በማቆያው ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከበላ፣ ሳይደበቅ ከዋኘና ክንፉን ዘርግቶ ከታየ ይመለሳል። ጨው ከነበረበት ጨውየለሽ ውሃ በተከታታይ ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ይተካል። ማቆያውና ዕቃዎቹ ታጥበው በፀሐይ ፍጹም እስኪደርቁ ይቆያሉ፤ የነጭ ነጠብጣብ ተሕዋስ ውሃ ከሌለ በሕይወት መቆየት አይችልም።

የማይድን ዓሣ ሲሰቃይ ማቆየት ደግነት አይደለም። የቅርንፉድ ዘይት በውሃ ተበጥብጦ በበቂ መጠን ሲጨመር ዓሣው መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ መተንፈስ ያቆማል፤ መተንፈስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ በዚያው ይቆያል። ሽንት ቤት መልቀቅ ወይም በሕይወቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ግን ጭካኔ ነው። የሞተው ዓሣ ራቅ ባለ ቦታ ተቀብሮ ወይም በከረጢት ታስሮ ይወገዳል።

ዳነም አልዳነም፣ የአኳሪየም ዓሣም ሆነ የማቆያው ውሃ ወደ ወንዝ አይለቀቅም። የአዲስ አበባ ወንዞች በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ፤ አዋሽ ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎች የሚተዳደሩበትን የቆቃን ሐይቅ ይሞላል።